«ዋይልድ» የተባለው ቃልና የኡካ ቡና

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ኡካ ሄጄ ሳለሁ አንድ ነገር ገጠመኝ። ነገሩ የመጣው በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ምክንያት ነው። እኛ ደግሞ በዚህ ግቢ ውስጥ ከጧት እስከ ማታ የምንማረውም የምንፈተነውም በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ ለጓደኞቼና ለመምህሮቼ ባቀርበው አይጠላም ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

ኡካ በኢሉባቦር፣ በመቱ በኩል የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ዝናብ አይጠፋባትም፤ ጫካውም ቡናውም ከቤት ደጃፍ አይርቅም። አባቴ የቡና ገበሬ ናቸው። ከእርሳቸው ዘንድ ቡና የሚገዛ አንድ ነጋዴ፣ ወደ ውጭ አገር ለሚላክ ቡና የተዘጋጀ ከረጢት ለናሙና ሰጥቷቸው ኖሮ፣ እኔ በደረስኩ ማግስት ከሣጥን አውጥተው አሳዩኝ። ከረጢቱ ያማረ ነው፤ የትልልቅ ዛፎች ሥዕል አለበት። አባቴ እያገላበጡ «ስለ ቡናችን ምን ይላል?» አሉኝ።

አነበብኩት። በትልልቅ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው ቃል «ዋይልድ» የሚል ነበር። እኔም ከትምህርት ቤት እንዳወቅሁት፣ ሳላመነታ፣ «የዱር ቡና ነው ይላል» አልኳቸው።

አባቴ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም «የዱር ከሆነ፣ እኔ በየክረምቱ ውስጡ ገብቼ ጥሻ የምመነጥረው ምን ሆኜ ነው? ዝንጀሮ ነኝ?» አሉ። ቤት ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን የሚያስቅ ሆኖ አላገኘሁትም። የተናደዱት በከረጢቱ ብቻ ሳይሆን በእኔም ትርጕም ነበርና።

«ዋይልድ» በእንግሊዝኛ ቅጽሎች መካከል እጅግ ከተለመዱት አንዱ ነው። በአራተኛ ክፍል ያስተማሩን መምህር ጥቁር ሰሌዳውን በአንድ መሥመር ለሁለት ከፍለው፣ በአንዱ ወገን «ዋይልድ»፣ በሌላው ወገን «ዶሜስቲክ» ብለው ይጽፉና እንስሳትን እንድንመድብ ያደርጉን ነበር። ላም፣ በግ፣ ዶሮ በዚህ፤ ጎሽ፣ ነብር፣ ጉሬዛ በዚያ። አንድ ቀን አንድ ጓደኛችን እጁን አውጥቶ «ንብ በየት ትግባ?» ብሎ ጠየቀ። በእኛ አገር ቀፎ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ቀፎው ባለቤት አለው፤ ንቧ ግን በፈቀደች ጊዜ ትገባለች፣ ባልፈቀደች ጊዜ ትሄዳለች። መምህሩ ጥቂት አሰቡና መሥመሩ ላይ ጻፏት። እኛ በዚያን ጊዜ መምህሩ መልሱ ጠፍቷቸው ነው ብለን አማናቸው። አሁን ሳስበው ግን ያ ከሁሉ የተሻለ መልስ ነበር።

ቃሉ ከእንስሳ አልፎ ብዙ ቦታ ይገባል። ስለ ነፋስና ስለ ባሕር ሲነገር «የተቆጣ፣ የተናወጠ» ማለት ነው። ስለ ሰው ጠባይ ሲነገር «ያልተገራ፣ ሥርዐት የሌለው» ማለት ነው። ስለ ጠጕር ሲነገር «የተንጨባረረ» ነው። «ዋይልድ» ግምት በጭፍን የተወረወረ ግምት ነው፤ ይኸኛውን በፈተና ክፍል ውስጥ ሁላችንም እናውቀዋለን። በደስታ «ዋይልድ» የሆነ ሰው ደስታው ከልክ ያለፈበት ነው። ልጆች «ዋይልድ» ሆነው አደጉ ከተባለ ተቆጪ አልነበራቸውም ማለት ነው፤ የአትክልት ቦታ «ዋይልድ» ሆነ ከተባለ ደግሞ ጌታው ትቶት አረም ዋጠው ማለት ነው። የዛሬ ወጣቶች በበኩላቸው ጭፈራው የደመቀን ግብዣ ለማመስገን ይጠቀሙበታል።

እነዚህ ሁሉ የተበታተኑ ትርጕሞች ይምሰሉ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው፤ ይኸውም «የሰው እጅ ወይም የሰው ልጓም የሌለበት» ማለት ነው። ለነፋስ ልጓም የለውም፤ ለጠጕር ማበጠሪያ አልነካውም፤ ለግምት ምክንያት አልደገፈውም፤ ለአትክልት ቦታ ጌታው የለም። ስለዚህ «ዋይልድ» የሚለው ቅጽል ስለ አንድ ነገር ምን እንዳለ ከመናገሩ ይልቅ ምን እንደሌለ ይናገራል። የሌለውም ሰው ነው።

ወደ አማርኛችን ስንመለስ ግን አንድ ቃል ብቻ አናገኝም። በመጀመሪያ «የዱር» አለ፤ ይኽም ለአውሬ ነው። ሁለተኛ «የጫካ» አለ፤ ይኽ ሥፍራን ብቻ ይነግራል እንጂ ባለቤት አለው ወይም የለውም አይልም። በኡካ የሚነገረው ኦሮምኛም «ቡና ቦሶና» ሲል እንደዚሁ የሚነግረን ቡናው ያለበትን ቦታ ነው። ሦስተኛ «ወፍ ዘራሽ» አለ፤ ይኽ ደግሞ ሰው ሳይተክለው የበቀለ ማለት ነው። ከሦስቱ ለሳይንሱ የሚቀርበው ይኽ የመጨረሻው ይመስለኛል፤ የቡናን ፍሬ በልተው ዘሩን በጫካ ውስጥ የሚበትኑት ወፎች፣ ጦጣዎችና ሌሎች እንስሳት ናቸውና። ነገር ግን ወፍ ዘርታዋለች ማለት ሰው አላሳደገውም ማለት አይደለም። በጓሮ ወፍ ዘራሽ ቃርያ ሲበቅል እናቶቻችን ውሃ እያጠጡ ያሳድጉታል፤ ከበቀለ በኋላ የወፍ ነው የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ደግሞም «ዱር» ራሱ በአማርኛ የሚያስገርም ታሪክ አለው። በጠላት ወረራ ዘመን አልገዛም ብሎ ጫካ የገባ ጀግና «ዱር ቤቴ» አለ ይባላል። እንግዲህ ዱሩ ቤት ሆነ ማለት ነው። መምህራችን ሰሌዳ ላይ ያሰመሩትን መሥመር ቋንቋችን ቀድሞ ሠርዞታል። በሌላ ወገን ግን «ዱርዬ» የሚለውን ስድብ ከዚሁ ከዱር አውጥተን በከተማ ልጅ ላይ እንለጥፋለን፤ «ወፍ ዘራሽ»ንም አባቱ ያልታወቀን ልጅ ለማዋረድ የሚጠቀሙበት አሉ። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ቃል ብቻ ጥፋተኛ አድርጌ የራሳችንን ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። በሁለቱም ቋንቋ ባለቤት የለውም የተባለ ነገር ወይም ይሰደባል ወይም ይወሰዳል።

አሁን ወደ ቡናው ልግባ። የዕርሻ ሊቃውንት የኢትዮጵያን ቡና በአመራረቱ አራት አድርገው ይከፍሉታል፤ እነርሱም የጫካ ቡና፣ ከፊል የጫካ ቡና፣ የጓሮ ቡናና የሰፋፊ እርሻ ቡና ናቸው። ልዩነቱ ያለው በሰው እጅ መጠን ነው። በጫካው ውስጥ ሰው ፍሬውን ከመልቀም በቀር እምብዛም አይነካካም። በከፊል ጫካው ግን ገበሬው በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ጥሻውን ይመነጥራል፤ ጥላው የበዛበትን ያሳሳል፤ ዋንዛና ብሳና የመሰሉትን ለጥላ ይተዋል፤ ወፍ ዘራሹን ችግኝ ከተፋፈገበት ነቅሎ ወደ ሳሳበት ያዛውራል፤ ፍሬው ሲቀላ ከዝንጀሮ ይጠብቃል፤ ለቅሞም በአልጋ ላይ ያሰጣል። ይኽ ሁሉ የጉልበት ሥራ ነው። የአባቴ ቡና የዚህኛው ወገን ነው። ወሰኑንም ቢሆን አጥር አይታይበትም እንጂ ይኽ ዋንዛ የእገሌ፣ ያ ቀፎ የእገሌ መሆኑን በሠፈሩ የማያውቅ ልጅ የለም።

እንግዲህ «ዋይልድ» ቡና ሲባል አንባቢው አራት ነገር በአንድ ጊዜ ይሰማል። አንደኛ፣ በራሱ በቀለ። ሁለተኛ፣ ማንም አልደከመበትም። ሦስተኛ፣ ባለቤት የለውም። አራተኛ፣ በሰው ምርጫ ያልተለወጠ የጥንት ዘር ነው። ስለ አባቴ ቡና አንደኛው በከፊል እውነት ነው። አራተኛውም ብዙ እውነት አለበት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ፈጽሞ ሐሰት ናቸው። ቃሉ እውነቱንና ሐሰቱን በአንድ ከረጢት አስሮ ይሸጣል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የዕፀዋት ሳይንስ የሚማሩ ጓደኞቼ እንደሚቆጡኝ ዐውቃለሁ። «በእውነት የዱር የሆነ ቡና አለ፤ እርሱንም ከጥፋት የምናድነው በዚሁ ቃል ነው» ይሉኛል። ልክ ናቸው። ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው በያዩ የሚገኘው የቡና ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የከፋውም በዚያው ዓመት ተመዝግቧል። የያዩው ስፋት 167 ሺህ ሄክታር ያህል ነው። ሥፍራው በሦስት ክልል የተከፈለ ሲሆን፣ ማዕከላዊው ክልል ሰው እንዳይነካው የተጠበቀ ነው፤ በዙሪያው ባለው ክልል ገበሬው ቡናውን እየተንከባከበ ይለቅማል፤ በስተውጭ ደግሞ መንደርና እርሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ጥናት በዓለም ላይ ከሚታወቁት 124 የቡና ዝርያዎች ቢያንስ 60 በመቶው የመጥፋት ሥጋት እንዳለባቸው አመልክቷል፤ የእኛም ቡና በበረሓነቱ፣ ማለት በጫካ በሚገኝበት መልኩ፣ ሥጋት ካለባቸው መካከል ተቈጥሯል። ይኽ ቀላል ነገር አይደለም።

ጫካው ለምን እንደሚጠቅም ለማወቅ የራሳችንን ታሪክ ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን ገብቶ አዝመራውን ማጥፋት ጀመረ። የጅማ ምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች በሽታውን የሚቋቋም ዘር ፍለጋ የሄዱት ወደ ውጭ አገር ሳይሆን ወደ ደቡብ ምዕራቡ የቡና ጫካዎች ነበር። ከመረጧቸውም መካከል 74110 እና 74112 የተባሉት ከኢሉባቦር፣ ከመቱ ቢሻሪ የተገኙ ናቸው። ቁጥሮቹ በ74 የሚጀምሩት እ.ኤ.አ. በ1974 የተመረጡ በመሆናቸው ነው። ዛሬ እነዚህ ዘሮች በሲዳማና በጌዴኦ ገበሬዎች ማሳ ሳይቀር ይገኛሉ፤ ጥሩ ዋጋም ያወጣሉ። የኢሉባቦር ጫካ ባይኖር ኖሮ መድኃኒቱ ከየት ይመጣ ነበር?

እኔ ግን ከዚሁ ታሪክ ሌላም ነገር አነብባለሁ። ስዊድናዊው ሊቅ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ለቡና ሳይንሳዊ ስም ሲሰጥ «አራቢካ» አለው፤ የዓረብ ማለቱ ነው። በዚያን ጊዜ አውሮፓውያን ቡናን የሚያውቁት በዓረብ አገር በኩል ነበርና። እንደዚህ ሆኖ በአንድ ቅጽል ምክንያት የትውልድ አገሩ ከስሙ ወጣ። ከመቱ የሄደው ዘር ደግሞ ቁጥር ብቻ ተሰጠው። አሁን በከረጢቱ ላይ «ዋይልድ» ተባለ። በመጀመሪያው ስም አገሩ ጠፋ፤ በሁለተኛው መንደሩ ጠፋ፤ በሦስተኛው ገበሬው ጠፋ። ማንም ሆነ ብሎ ክፉ አስቦ ያደረገው አይመስለኝም። ቢሆንም ጠፍተናል።

«ቃል ብቻ ነው፤ ምን ያደርጋል?» የሚል ካለ፣ ቃል መሬት እስከ ማስለቀቅ እንደሚደርስ ላስታውሰው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጣችው የበረሓ ሥፍራዎች ጥበቃ ሕግ፣ እንዲህ ያለውን ሥፍራ ሲተረጕም ሰው በእንግድነት የሚያልፍበት እንጂ የማይኖርበት ነው ይላል። የሕጉ ዓላማ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከእነዚያ ሥፍራዎች በብዙዎቹ የአገሩ ጥንታዊ ሕዝቦች ሲያድኑ፣ ፍሬ ሲለቅሙና ሣር ሲያቃጥሉ ለብዙ ዘመን ኖረዋል። በእኛም አገር በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ግጭ የምትባል መንደር ነበረች። ገበሬዎቿ በዚያ ደጋ ገብስ ይዘሩ ከብት ያግዱ ነበር። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2016 የግጭ ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በ2017 ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ዋልያውና ጭላዳው መጠበቅ የለባቸውም የሚል ሰው አይደለሁም። የምለው፣ አንድን ሥፍራ በመጀመሪያ «ዱር» ብለን ከሰየምነው፣ በውስጡ የተገኘው ሰው ወዲያው ጥፋተኛ ሆኖ ይታየናል ነው። ጥያቄው «ይኽን ሥፍራ እስከ ዛሬ ማን ጠበቀው?» መሆኑ ይቀርና «ይኽ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?» ይሆናል።

ሌላው ተቃውሞ ከንግድ ትምህርት ክፍል ጓደኞቼ የሚመጣው ነው። «ውጭ አገር ያለው ገዢ "ዋይልድ" የሚለውን ቃል ይወድደዋል፤ ከረጢቱ ላይ ብትፍቀው ዋጋው ይወድቃል፤ ጉዳቱም በአባትህ ላይ ነው» አሉኝ። ይኽን ተቃውሞ አልንቀውም። አባቴም ዋጋው እንዲወድቅ አይፈልጉም። ነገር ግን ያ ገዢ የሚወድደው ምኑን እንደ ሆነ እንጠይቅ። የሚወድደው ትልልቅ ዛፎች ሳይቈረጡ፣ መድኃኒት ሳይረጭ፣ በጥላ ሥር የበሰለውን ቡና ከሆነ፣ ያ እንዲሆን ያደረገው ገበሬው ነው። ዋንዛውን አልቈርጥም ያለ ሰው አለ፤ በቆሎ ዘርቶ በዓመቱ ገንዘብ ማግኘት ሲችል ጫካውን የተወ ሰው አለ። ይኽ ቢነገረው ገዢው ዋጋ የሚቀንስ አይመስለኝም። ደግሞም ባለቤት ያለው ዕቃ ባለቤት ከሌለው ዕቃ በተሻለ ዋጋ ይሸጣል፤ ሲሸጥም ገንዘቡ ወደ ማን መሄድ እንዳለበት ይታወቃል።

በዚህ ላይ አንድ እውነት መሸሸግ አልፈልግም። እኛም የጫካው ልጆች ከስሕተት የነጻን አይደለንም። ጥሻው ከልክ በላይ ሲመነጠር፣ ለቡናው ብርሃን እንዲገባ ዛፉ ሲሳሳ፣ ታዳጊዎቹ ዛፎች ከቡናው በታች ሲታጨዱ፣ የጫካው ዕፀዋት ዐይነት እየቀነሰ እንደሚሄድ ጥናቶች ያሳያሉ። ጫካው ቀስ በቀስ ጓሮ ይሆናል። ስለዚህ ሁሉንም ቡና «የእኛ ሥራ ነው» ብለን ብንወስድ፣ በያዩ መካከል ያለውን እጅ ያልነካውን ክፍል ለመጠበቅ የሚያስችለውን ቃል ራሳችን እንገድለዋለን። በእውነት ዱር ለሆነው «ዱር» የሚለው ስም ይቈየው፤ ለአባቴ ቡና ግን የራሱ ስም ይሰጠው። የምለምነው ይኽን ብቻ ነው።

ሐሳቤን በሦስት ነጥብ ልጠቅልል። መጀመሪያ፣ በመመረቂያ ጽሑፎቻችንና በትርጕሞቻችን ውስጥ ሰው የሚንከባከበውን «የጫካ ቡና»፣ በራሱ በቅሎ ሰው ያሳደገውን «ወፍ ዘራሽ»፣ ማንም ያልነካውን ብቻ «የዱር ቡና» እንበል። ሦስቱን በአንድ ቃል ማጠቃለል ለጸሓፊው ይቀልለዋል፤ ለገበሬው ግን ይከብደዋል። ሁለተኛ፣ ለጥናት ወደ ኢሉባቦርም ሆነ ወደ ከፋ የምንወርድ ተማሪዎች የዛፉን ቁመት ስንለካ «ይኽን ማን ይመነጥረዋል?» የሚል አንድ ጥያቄ በመጠይቃችን ላይ እንጨምር። ሦስተኛ፣ የተከበራችሁ መምህሮቻችን የእንግሊዝኛን ቅጽል ስታስተምሩን ትርጕሙን ብቻ ሳይሆን ቅጽሉ ማንን ከሥፍራው እንደሚያስወጣ እንድንጠይቅ ብታለማምዱን ውለታችሁን አንረሳም። «ዋይልድ» ብቻ አይደለም፤ «ባዶ» መሬት፣ «ኋላ ቀር» መንደር፣ «ያልሠለጠነ» ሕዝብ ስንል የምንሠራው ሥራ ያው ነው።

ወደ ግቢ ከመመለሴ በፊት አባቴን ተከትዬ ጫካ ወረድኩ። እርሳቸው ፊት ፊት ጥሻውን እየመነጠሩ፣ እኔ ኋላ ኋላ የተመነጠረውን እየሰበሰብኩ እስከ ቀትር ሠራን። እጄ በውሃ ቋጠረ። ስናርፍ «እንግዲህ ያን ከረጢት እንደ ገና ተርጕምልኝ» አሉኝ። «የጫካ ቡና ነው ይላል» አልኳቸው። «እንደዚያ ነው የሚለው?» አሉ። «አይደለም፤ ግን እንደዚያ ማለት ነበረበት» አልኳቸው። አባቴም «እንግዲያውስ ለእኔ ሳይሆን ለጻፈው ሰው ንገረው» አሉኝ። የጻፈውን ሰው አላውቀውም። ነገ እንዲህ ያለውን ከረጢት የምንጽፈው ግን በዚህ ግቢ ያለን ነን፤ ስለዚህ ለእናንተ ነገርኳችሁ።

ከኡካ ልጅ፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ